ወፍጮ ቤቱ ጋ ቀኝ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው። «አባ፣ ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። ማንን እንደዋሸሁ፣ በማን ላይ እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩላቸው። ስግደት አዘዙልኝ፤ ሰገድኩ። ጉልበቴ ዛለ እንጂ ልቤን አልቀለለውም። ሚስቴ ይህን ታሪክ አታውቅም። እናቴም ሳታውቅ አረፈች። ዛሬ ሌላውን ግማሽ የምናገረው ለእርስዎ ነው፤ ስሜን ለማያውቁት፣ ፊቴን ለማያዩት አንባቢ። የሚያውቀኝን ሰው ዓይን ስለምፈራ ነው እርስዎን የመረጥኩት። ፈሪ መሆኔን ከወዲሁ ይወቁልኝ፤ የነገሩ ግማሽ ከፍርሃቴ የመጣ ነውና።

በዚያን ጊዜ ሾፌር ነበርኩ። በስልክ እየተጠራሁ ሰው የማመላልስባት አንዲት አሮጌ ቪትዝ ነበረችኝ፤ ጎኗ ቢጫጫርም ሞተሯ ጤነኛ ነበር። ለሚ ኩራ የሚባለው ክፍለ ከተማ ገና ስሙ አልወጣም። ከገርጂ ወደ ጎሮ ሲኬድ ባለፈው ክረምት ጤፍ የነበረበት ቦታ ላይ በዚህ ክረምት አምስተኛ ፎቅ ሲሞላ ይታያል። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይቆፈራል፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው የሚለው ሰው ሳይቀር ሰፈሩ ውስጥ ይጠፋል። እኔ ግን አልጠፋም ነበር። ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ ሰክቼ ካርታውን ከፍቼ እነዳለሁ። ሰማያዊው መስመር ወደሄደበት እሄዳለሁ፤ ውስጡ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታጠፍ ስትለኝ እታጠፋለሁ። ሌሎቹ ሾፌሮች መስኮት ዝቅ አድርገው «እማማ፣ ጤና ጣቢያው በየት ነው?» እያሉ ሲለምኑ እስቅባቸው ነበር። ገርጂ አብረውኝ የሚሰለፉት ልጆች «ሳተላይት» የሚል ስም አወጡልኝ። ሊያሾፉብኝ ነበር ያወጡት፤ እኔ እንደ ማዕረግ ተቀበልኩት።

ጎሮ የሚኖሩ ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩኝ። አንድ ቀን ደውለው ጎረቤታቸው ማረፏን፣ አረብ አገር የምትኖር ልጇ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ እንደምትገባ፣ የሚቀበላት ሾፌር እንደሚፈለግ ነገሩኝ። የሟቿ ታላቅ ወንድም ሊያነጋግሩኝ ስለፈለጉ እንድመጣ ለመኑኝ። ሄድኩ። ኦቦ ደገፋን ያወቅኳቸው ያን ዕለት ነው።

ኦቦ ደገፋ ጎሮ ገና የገበሬ አገር ሳለ እዚያው አርሰው፣ እዚያው ወልደው፣ መሬቱ ለቤት ሥራ ሲወሰድ በተረፈቻቸው ቁራሽ ቦታ ላይ የቀሩ ሰው ነበሩ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። በዚያ ሰፈር መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ። ይህ ለማንም የሚሰጥ ሥራ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቁታል። ሰውየው ፊቱን የሚገዛ፣ ቃሉን የሚመርጥ፣ ሰዓቱን የሚያውቅ መሆን አለበት። ኦሮሞውም አማራውም፣ ኮንዶሚኒየም የገባውም ነባሩም፣ ክፉ ነገር ሲመጣ የእሳቸውን በር ያንኳኳ ነበር።

መኪናዬ ውስጥ ገብተው ከጎኔ ተቀመጡና ነገሩን አስረዱኝ። ልጅቷ ሌንሴ ትባላለች። ከወጣች ሰባት ዓመቷ ነው። እናትሽ ትንሽ አሟታል፣ አሁን ተሽሏታል፣ ነይና እያት ተብላ ነው የምትመጣው። ከቤተሰቡ አንድም ሰው ቦሌ ሊሄድ አይችልም፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል፣ የሁሉም ፊት አብጧል፣ ገና ስታያቸው ታውቃለች። ስለዚህ ያላለቀሰ ፊት ያለው ሰው ያስፈልገናል አሉኝ። እኔ ወደ አክስቷ ቤት አደርሳታለሁ። እዚያ ገላዋን ትታጠባለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ጎህ ሲቀድ እሳቸውና ሁለት ሽማግሌዎች አጠገቧ ተቀምጠው ይነግሯታል። ባዶ ሆዷን፣ ከመንገድ እንደመጣች፣ በቁሟ እንዳትሰማው ነበር ያ ሁሉ መላ። እንዲህ የሰማ ሰው ጤናው አይመለስም ይሉ ነበር፤ ያዩትን ሰዎች በስማቸው ጠሩልኝ።

ከዚያ መንገዱን ነገሩኝ። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ግን የታክሲ ረዳቶች ዛሬም «ወፍጮ ቤት ወራጅ» ስለሚሉ ማንም አይስተውም። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቀኝ» አሉኝ። «ግራው ያሳጥራል፤ ግን በእኛ በር ነው የሚያልፈው። ድንኳኑ መንገዱን ይዞታል። ቀኙ ቢረዝምም በላይ ዞሮ አክስቷ ቤት ያወርድሃል። ድገምልኝ እስቲ።»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ቀኝ» አልኩ።

እንደገና ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እየሳቅኩ ነበር የደገምኩት። በሆዴ፣ ይህ ሽማግሌ ለእኔ ለሳተላይት መንገድ ያሳየኛል እንዴ እያልኩ ነበር። ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛል፣ በአፌ ደግሜዋለሁ። ይህን ይያዙልኝ፤ በኋላ ምንም ዓይነት ማምለጫ ብፈልግ በዚህ ቃል ይመልሱኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሌንሴ ከቦሌ በር ወጣች። ትልልቆቹን ሻንጣዎች ኋላ ጫንኩላት፤ አንድ የጫማ ካርቶን ግን አልሰጥም አለችኝ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የእናቷ እግር ስለሚያብጥ ለስላሳ ጫማ ገዝታላት ነበር። ቁጥሩን በስልክ ጠይቃት እናቷ ረስቼዋለሁ እንዳለቻት፣ በግምት እንደገዛችው ነገረችኝ፤ ከተጣበባት ምን ይሻላል ብላም ጠየቀችኝ። ቆዳ ነው ይለቃል አልኳት። እስከዚያ ድረስ ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ። ፊቴ ደረቅ ነበር። አጎቷ እንዴት ናቸው ስትለኝ ደህና ናቸው አልኳት፤ ያ ውሸት የታዘዝኩት ስለሆነ አልቆጥረውም።

የአክስቷ ቤት ከአንድ ኮንዶሚኒየም በር ፊት ለፊት ስለነበረ ኮንዶሚኒየሙን ስልኬ ላይ ሞልቼው ነበር። ለምን ሞላሁት? መንገዱ ተነግሮኝ የለም እንዴ? ልማድ ነው ልበል፤ ልማድም ነበር። ገርጂን አልፈን ወደ ጎሮ ስንገባ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስን። ቀኙን መንገድ የአሸዋ መኪኖች ዘግተውት ስልኬ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ግራው ሰማያዊ ነው። አራት ደቂቃ ይላል። ሴትዮዋ ወደ ግራ አለችኝ።

እዚያች መታጠፊያ ላይ ምን እንዳሰብኩ በትክክል ልንገርዎ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬያለሁና። አራት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ቀጥሮኝ ነበር። ደግሞም ቀን ቆጠርኩ፤ ሠልስቱ ትናንት ነበር፣ ድንኳን በሠልስት ይነሳል፣ ስለዚህ ዛሬ መንገዱ ባዶ ነው አልኩ። በበራቸው ሳልፍ ፈጠን ብዬ አልፋለሁ፣ ሰባት ዓመት የቆየች ሴት በዚህ ሁሉ ፎቅ መሃል የራሷን በር የት ታውቀዋለች አልኩ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። ግን ይህ ሁሉ ለበኋላ የተሰበሰበ ምክንያት ነው። እውነቱ፣ የሽማግሌው ቀኝ ከስልኬ ግራ ጋር ሲጋጭ የሽማግሌውን ናቅኩት። ግራ ታጠፍኩ። እኔ ነኝ የታጠፍኩት፤ መሪው በእኔ እጅ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን ሌንሴ ቀና አለች። ድንጋይ ንጣፉን አታውቀውም፣ ፎቆቹን አታውቃቸውም፤ ግን አንድ የተጣመመ ባሕር ዛፍ አጥር ጥግ ቀርቶ ኖሮ እሱን አየች። «ይሄ የኛ መንገድ አይደለም እንዴ?» አለች። «ወደ እማዬ እየወሰድከኝ ነው?» ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ አክስቷ ጋ እንደምታርፍ ተነግሯት የነበረችው ሴት ካርቶኑን ከፍታ ጫማዎቹን ማስተካከል ጀመረች።

ድንኳኑ አልተነሳም ነበር። በኋላ እንደሰማሁት የእድሩን ሰዎች ለምነው ያቆዩት ለእሷ ብለው ነው፤ ልጅቱ መጥታ አልቅሳ እስክትወጣ ይቆይ ተብሎ ነው። ከዳር እስከ ዳር መንገዱን ይዞታል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ጋቢ የለበሱ ወንዶች ተቀምጠዋል። ፍሬን ያዝኩ። ሌንሴ የማን ለቅሶ ይሆን አለች፤ ጎረቤት መስሏት ከንፈሯን መጠጠች። መኪና ወደ ድንኳን ሲመጣ ከለቀስተኛው መሃል አንድ ወጣት ወጥቶ ዙሩ ይላል፣ ያውቁታል። አንድ ጥቁር የለበሰ፣ ጢሙን ያልተላጨ ሰው እጁን እያወዛወዘ ወደ እኛ መጣ። መንገድ ዝግ ነው ሊል በእኔ መስኮት በኩል ጎንበስ አለ፤ ከእኔ አልፎም ኋላ ያለችውን አየ። ግርማ ነበር፣ የሌንሴ ታናሽ ወንድም። ሰባት ዓመት ተለያይተው እንዲያ ነው የተገናኙት።

እሷ ጥቁሩን ልብስ አየች፣ ጢሙን አየች፣ ድንኳኑ በማን በር ላይ እንደተተከለ አየች። የመኪናውን በር ከፍታ እንደወረደች ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ከጫማዎቹ አንዱ መኪናው ሥር ገባ። ሴቶቹ ከድንኳኑ እየጮኹ ወጡ። ስልኬ ደግሞ አልዘጋሁትም ነበርና ያቺ ሴትዮ ከዚያ ሁሉ ዋይታ መሃል ቀጥታ ሂድ፣ ቀጥታ ሂድ ትለኝ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሕተት ነው እል ነበር። የሰው ልጅ ይሳሳታል፣ ይክሳል፣ ይቅር ይባላል። እኔ ኃጢአቴን የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው።

እሷን ደግፈው ካስገቧት በኋላ ግርማና ሌሎች ወንዶች ከበቡኝ። ማን በዚህ ና አለህ አለኝ። አልጮኸም። ስልኬ ነው ብል እንደ ልጅ ይንቁኛል፤ እኔ ነኝ ብል ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ተደውሎላቸው ኖሮ ኦቦ ደገፋ ከአክስቷ ቤት በኩል በትራቸውን እየተደገፉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ደረሱ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ደግሞ እኔን አዩኝ።

«ቀኝ አላልኩህም፣ ልጄ?» አሉኝ። ጥፋቱን በእኔ ላይ ለመጣል አልነበረም የጠየቁኝ፤ ነገሩ ግራ ገብቷቸው ነበር።

«ግራ ነው ያሉኝ፣ ኦቦ» አልኩ። «ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል።»

ለጥንቃቄ ያደረጉትን ነገር ለውሸቴ ምስክር አደረግኩት። ከየት አመጣሁት? ማን አስተማረኝ? ምላሴ ሳይደናቀፍ ነው የወጣው። ኦቦ ደገፋ ቀኝ እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ግራውን አዩ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ስልክ ያለኝ ወጣት ነኝ፤ በዚያ ዘመን ከሁለታችን ማን ይታመናል? «ግራ ብዬ ይሆናል፤ ዕድሜ ነው» አሉ። ግርማ ፊቱን አዞረባቸው። እኔን ማንም አልነካኝም፤ እንዲያውም አንዱ ሰውዬ አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መኪናዬን አዙሬ ወጣሁ። የአራት ሰዓቱን ቀጠሮም በሰዓቱ ደረስኩ።

የቀረውን ከወይዘሮ አልማዝ ነው የሰማሁት። ሌንሴ ለብዙ ጊዜ ምግብ አልበላ ብሏት ከሳች፤ እንቅልፏ ተቃወሰ። አጎቷን አታናግርም ነበር፤ በእናቴ ሞት ሳይሆን መርዶው በተነገረኝ አኳኋን ነው የተቀየምኩት ትል ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ መርዶ ሊያስነግር የእሳቸውን በር ያንኳኳ ሰው የለም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

አንድ ቀን በራሴ ዓይን አየሁ። ሰው አሳፍሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ኔትወርክ ጠፋ። ኦቦ ደገፋ በራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ተሳፋሪዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አባባ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት በየት ነው አላቸው። እኔ ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ትምህርት ቤቱ የተሠራው የገዛ አባታቸው ያርሱት በነበረ መሬት ላይ ነው። «እኔ አላውቅም፣ ልጄ» አሉት። «እኔን አትጠይቅ፣ አሳስታለሁ። ስልክ ካለህ እሱን ጠይቅ።» ተሳፋሪዬ ሳቀ። እኔ ነዳሁ። በዚያን ቀን ወርጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ ምን እሆን ነበር? ምንም አልሆንም ነበር። ግን ነዳሁ።

ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ ሲል ወይዘሮ አልማዝ ደወሉልኝ። ኦቦ ደገፋ ታመዋል፣ አንተን ይፈልጋሉ አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ደርሰውብኛል ብዬ ነበር። ይመኑኝ፣ ትንሽም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሳቸው ካወጡት እኔ ማውጣት አይጠበቅብኝም። ስገባ አልጋ ላይ ናቸው፤ እጃቸው ላይ ከአጥንት በቀር የቀረ የለም። ግርማ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሌንሴ ራስጌው ላይ ውኃ ይዛ ተቀምጣለች፤ ለማስታመም መጥታ ነበር፣ ግን ፊቷ ገና አልተፈታም። ኦቦ ደገፋ እጄን ያዙ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያን ቀን የሰው ዓይን ሁሉ አንተ ላይ አረፈ። ያለጥፋትህ ነው። ግራና ቀኜን ስቼ አሳሳትኩህ። ይህን ይዤ መሄድ ከበደኝ፤ ይቅር በለኝ።»

ሌንሴ አየችኝ። ግርማ አየኝ። ሦስቱም የእኔን ቃል ይጠብቁ ነበር። እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር፤ ከአራት ቃል አይበልጥም። ፊት ለፊቴ አንድ ሰው ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ እየሞተ ነው፤ ሸክሙን ማውረድ የምችለው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ምን አልኩ?

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ፣ ኦቦ» አልኩ።

እጄን ሳሙኝ። መሳብ አቃተኝ። ሌንሴ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች፤ ሾፌሩ ይቅር ካለ እኔ ማን ነኝ ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ግርማም ጉልበታቸውን ሳመ። ያላደረጉትን ነገር ሁላችንም ይቅር አልናቸው። እሳቸው ደግሞ እያንዳንዳችንን አመሰገኑ፣ እኔን መረቁኝ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ እዚያው ቦታ ላይ ተተክሎ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ስልኬን ዘግቼ፣ በቀኙ መንገድ ዞሬ፣ በላይ በኩል የሌንሴ አክስት ቤት ጋ ወጣሁ። እንዳሉት ነበር፤ አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። መኪናዬን እዚያ አቁሜ ብዙ ሰዓት መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ጠርጌ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ገባሁ። ቦታ ለቀቁልኝ።

ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም። ልጠይቀው የሚገባኝ ሰው እሱ እኔን ይቅርታ ጠይቆኝ፣ እኔም እንደ ጻድቅ ሰጥቼው ሄዷል። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ያልኩትን አውቄ ነው ያልኩት። ስልኩ ነው አልልም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌንሴ ይህን ካነበበች፣ ወይም እርስዎ በዚያ በኩል ሲያልፉ ኦቦ ደገፋ በስተርጅና ግራ ቀኛቸውን ስተው ነበር የሚል ሰው ከሰሙ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ። አልሳቱም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቀኝ ነው ያሉኝ። ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል። ቀኝ ነው ያሉኝ።